ውሃ ሊሰነጥቅ የሄደው ቆርቆሮዬ

በ1971 ዓ.ም. አርባ ዓመቴ ነበር። ያኔ ጎባ ውስጥ የእኔን ቤት ያህል ጣሪያው የዛገ ቤት አልነበረም።

ጎረቤቴ የሳይንስ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን ደጄ ቆሞ ጣሪያዬን ሲያይ ቆየ። ሊሳለቅብኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ዝገት ለምርምር እፈልገዋለሁ» አለኝ። በውጭ አገር መጽሔት ያነበበው ነገር ነው።

ከጫፉ ቁራጭ ቆርጦ በከሰል አጋለው። ሶዳ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከረና በሽቦ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አያይዞ ፀሐይ ላይ አኖረው። ጥቃቅን አረፋ ወጣ። በባርኔጣው ሲጋርደው አረፋው ቆመ፤ ሲገልጠው እንደገና ወጣ። እኔ ፊደል ብዙ አልዘለቀኝም፣ ያየሁትን ግን አየሁ።

«ውሃው በፀሐይ ወደ ጋዝ እየተሰነጠቀ ነው። የሚወጣው ጋዝ ይነዳል፤ አንድ ቀን ወጥ ይሠራበታል። ዝገት ኤሌክትሪክን እንደ ሽቦ ዝም ብሎ አያሳልፍም፣ እንደ ድንጋይም ፈጽሞ አይከለክልም። ብርሃን ሲያገኝ ያሳልፋል» አለኝ አስተማሪው።

«እንደ ቀበሌያችን ዘበኛ ነዋ! ደስ ሲለው ያስገባል» አልኩት።

ወሬው ለቀበሌው ሊቀመንበር ደረሰ። ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን ሊመጣ ነውና ቆርቆሮውን ሙሉውን አምጣ አለኝ። አስተማሪው ቁራጭ ይበቃል ቢለው «ለእንግዳ ቁራጭ አይቀርብም» አለ።

ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ያለው የዘር ገብሴ ነው። እሱ ከበሰበሰ የምዘራው የለኝም።

«ለአብዮቱ አንድ ቆርቆሮ ትነፍጋለህ?»

«አብዮቱን ዝናብ አይመታውም፤ ገብሴን ግን ይመታዋል።»

«የዚያኑ ዕለት ይመለስልሃል። ካልተመለሰ በምትኩ ከቀበሌው ቆርቆሮ ትወስዳለህ!» ብሎ በሰው ፊት ማለ። ነቅዬ ሰጠሁ።

ያን ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ድንጋዩም፣ የዛፉ ግንድም ቀለም ይቀባል። በቀኑ እኔና አስተማሪው ቀበሌ ሄደን ብናይ ቆርቆሮዬ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ በርሜል ውሃ ውስጥ ቆሟል። አስተማሪው ራሱን ያዘ።

«ዝገቱስ?»

«ምን፣ ዝገት ለእንግዳ ልናሳይ ነበር?» አለ ሊቀመንበሩ።

በዚያ ላይ ጭጋግ ወረደ። ባለሥልጣኑ በርሜሉን ዞሮ ዞሮ አየና «መቼ ነው የሚሰነጠቀው?» አለ።

«ተሰንጥቋል ጓድ!» አለ ሊቀመንበሩ። «በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነው የማይታየው።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ቶሎ እንዲያልቅልኝ አጨበጨብኩ። ባለሥልጣኑ ግን ቆርቆሮው የአብዮቱ ቅርስ ሆኖ በቀበሌው አዳራሽ ይሰቀል ብሎ አዘዘ።

ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። እኔና ባለቤቴ ገብሱን አልጋው ላይ ከምረን፣ ቁርበት አልብሰን፣ እኛ መሬት ተቀመጥን።

«ውሃው ተሰነጠቀ?» አለችኝ።

«ተሰንጥቋል።»

«ታዲያ ይህ የሚወርድብን ምኑ ነው?»

በማግስቱ ጠዋት መሰላልና መዶሻ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል።

«ኦቦ፣ ወዴት ነው?»

«ሊቀመንበሩ የማለልኝን ልወስድ።»

ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ መሰላሉን ያዘልኝ። ከሊቀመንበሩ ወንበር በላይ ያለውን የቀበሌውን የጣሪያ ቆርቆሮ ነቅዬ ወረድኩ።