የመመለስ ምልክት

በቀለች ቶሌሳ ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ከመውረዷ በፊት የመጨረሻ ሥራዋ ልጇን ቤት አስቀምጣ በሩን ከውጭ መቆለፍ ነበር። ጭሮ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። አንዳንዱ «ጨካኝ እናት» ይላታል፤ አንዳንዱ «ምን ታድርግ?» ይላል። እሷ ከሁለቱም ጋር አትከራከርም። ገበያ ውስጥ አንዲት የስፌት መኪና አለቻት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ቀን ካልሠራች ማታ የሚበላ የለም።

ልጅቷ ኢያኤል ትባላለች። ገና ዳዴዋን ትታ መሮጥ እንደጀመረች፣ ያኔ ቤተሰቡ ቦርደዴ ይኖር ነበር፣ ትኩሳት ያዛት። አንገቷ ደረቀ፤ ዓይኗ ተገለበጠ። አባቷ ገመዳ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጋቢና አስተኝቶ ጭሮ ድረስ ይዟት በረረ። ሆስፒታል ተኝታ ዳነች። «ማጅራት ገትር ነው፤ መትረፏም ተአምር ነው» አሏቸው።

ቤት በተመለሱ ሰሞን ከበቀለች እጅ ብርጭቆ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ኢያኤል ጀርባዋን ሰጥታ በቁራጭ ጨርቅ ትጫወት ነበር፤ ዘወር አላለችም። በቀለች ሌላ ብርጭቆ አነሣችና ሆን ብላ ጣለችው። ልጅቷ አሁንም ዘወር አላለችም።

ወደ ጭሮ የተዛወሩት ለሆስፒታሉም ለቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ለመሆን ነበር። በየጸሎት ፕሮግራሙ ኢያኤልን ወደ ፊት ያወጧታል፤ እጅ ይጭኑባታል፤ ከኋላዋ ያጨበጭቡና ፊቷን ያያሉ። ልጅቷ የሰው እጅ ራሷ ላይ በበዛ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። አንድ እሑድ በቀለች ልጇን ከመድረኩ ሥር አንሥታ አቀፈቻትና ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ጸልዩላት፤ እኔም እጸልያለሁ። ወደ ፊት ግን ከእንግዲህ አላወጣትም» አለቻቸው። ሽማግሌው ቅር አላቸው።

መቆለፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤታቸው ከአስፋልቱ ዳር ነበር። አንድ ቀን ኢያኤል ድመት ተከትላ መንገዱ መሃል ገባች። ሽንኩርት የጫነ መኪና ቁልቁል እየወረደ ጥሩምባውን ቢያስጮኸውም ድመቷን እንጂ መኪናውን አላየችም። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ፣ መኪናው ተንሸራቶ፣ ልጅቷ አጠገብ ቆመ። ሰውዬው ከጋቢናው ወርዶ ተቀመጠና አለቀሰ። በቀለች በማግስቱ ቁልፍ ገዛች።

ከቤቱ ፊት ለፊት ጫት የምትሸጥ ዙህራ የምትባል ጎረቤት ነበረቻቸው። ዙህራ አንድ ማታ በቀለችን ጠብቃ እንዲህ አለቻት።

«በቄ፣ የምነግርሽ ልወቅስሽ አይደለም። ልጅቷ ግን አንቺ ከሄድሽበት ጀምሮ እስክትደክም በሩን ትደበድባለች። ወላሂ፣ ሰውነቴን ይነዝረኛል።»

«አውቃለሁ» አለች በቀለች። «ምን ብዬ ልንገራት? የምነግርበት አፍ የለኝም።»

በ2008 መስከረም ኢያኤል አማርኛ ክፍል ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል በከሰዓት ፈረቃ ገባች፤ ጠዋት ጠዋት መቆለፉ ግን አልቀረም። የተቀበለቻት መምህርት ሳህሊቱ ናት። ሳህሊቱ ኮሌጅ ሳለች ስለ ልዩ ፍላጎት አንድ ትምህርት ወስዳለች፤ ተማሪዎች እንደሚለያዩ፣ መምህሩም ልዩነታቸውን ማክበር እንዳለበት ተምራለች። የማትሰማን ልጅ «ሀ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በምን እንደሚያስረዷት ግን የነገራት አልነበረም። ኢያኤልን ፊት ወንበር አስቀመጠቻት። ልጅቷ ከሰሌዳ የምትገለብጠው ፊደል ከክፍሉ ሁሉ ያምራል፤ የትኛውም ምን እንደሆነ አታውቅም። ልጆቹ «ዱዳ» ይሏታል፤ ስድባቸውም አይደርሳትም።

ሳህሊቱ በስልኳ የምልክት ቋንቋ መፈለግ ጀመረች። መጀመሪያ ያገኘችው የፈረንጅ ነበር። እሷና በቀለች ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ተቀምጠው እየተለማመዱ ለኢያኤል ሲያስተምሩ ከከረሙ በኋላ፣ ሳህሊቱ ፌስቡክ ላይ ስለ ልምምዳቸው ብትጽፍ አንድ ሰው «ይሄ የአሜሪካ ነው፤ የኛ አገር መስማት የተሳናቸው ሰዎች በዚህ አይግባቡም» ብሎ ጻፈላቸው። ሳህሊቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ልጅቷን ፈረንጅ አደረግናት» አለች።

«መምህርት፣ አይዞዎት» አለች በቀለች። «ምንም ከማታውቅ ይሻላል። እንደገና እንጀምራለን።»

ያ ሰውዬ ራሱ ወደ አንድ የፌስቡክ ገጽ መራቸው። አዲስ አበባ ያሉ መምህራንና ወላጆች የከፈቱት ነበር። ቀይ ሹራብ የለበሰ ወጣት፣ እሱም የማይሰማ፣ አንድ በአንድ ምልክት ያሳያል፤ ከሥሩ በአማርኛ ይጻፋል። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ቪዲዮው ይቆማል፤ የወጣቱ እጅ አየር ላይ ይቀራል፤ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

በቀለችን ይበልጥ የያዛት ግን ቪዲዮው አልነበረም፤ ከሥሩ የሚጻፈው ነው። የደሴ እናት፣ የሐዋሳ አባት፣ የነቀምት አክስት። «ልጄ ሌሊት ይነሣል»፣ «ልጄን ከትምህርት ቤት መለሱብኝ»፣ «ባሌ በኔ ያሳብባል»። በቀለች ይህን ስታነብ እዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው የሞላ መሰላት። አንድ ቀን እሷም በሳህሊቱ ስልክ ጻፈች። «ጥዬ ስወጣ ልጄ በር ትደበድባለች፤ ምን ላድርግ?»

የደሴዋ እናት መለሰችላት። «እህቴ፣ ስትወጪ እንደምትመለሺ ነግረሻት ታውቂያለሽ? እሷ እኮ በወጣሽ ቁጥር የቀረሽ ይመስላታል።»

በቀለች ይህን ደግማ አነበበችው። ልጇ ስንት ጠዋት እናቷ የቀረች መስሏት እንደዋለች ማሰብ አቃታት።

«መመለስ» የሚለውን ምልክት ፈልገው ተማሩት። ገመዳም እንዲያውቅ ተደረገ፤ ሸካራ ጣቶቹን እያጣጠፈ እየሣቀ ተማረ። መጀመሪያ ኢያኤል አልገባትም። በቀለች በር ላይ ቆማ «እናት፣ ሥራ፣ እመለሳለሁ» ትላለች፤ ትወጣለች፤ ቤቱን ዞራ ወዲያው ትገባለች። እንደገና ታደርገዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ትገባለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገብታ ስታያት፣ ልጅቷ ከመደቡ ላይ ሳትነሣ ያንኑ ምልክት መልሳ አሳየቻት። ተመለስሽ እንደማለት።

ከዚያ ወዲህ የበሩ ድብደባ ቆመ። ዙህራ ገበያ ድረስ መጥታ፣ «ልጅቷ አሟታል እንዴ? ድምፅ የለም» አለች። በቀለች ስትነግራት፣ «አልሐምዱሊላህ! ለኔም አሳዪኝ» ብላ ተማረች። በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው፤ መንገዱ አልተለወጠም። ገመዳ ጭነት ይዞ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድም ደጃፍ ላይ ቆሞ «እመለሳለሁ» ይላታል፤ በሦስትም በአራትም ቀን ይመለሳል። ልጅቷ እንቅልፏ ተስተካከለ፤ ወፈረች።

በ2009 መባቻ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። በ2010 ታኅሣሥ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ እንደገና ሲዘጋ ግን ቶሎ አልተመለሰም። በተቃውሞ ምክንያት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤት አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን ይዘጋል። ሳህሊቱ ስልኳ ላይ አስቀምጣ የነበሩት ቪዲዮዎች ጥቂት ናቸው፤ የቀለም፣ የሳምንቱ ቀኖች፣ የፍራፍሬ። እነዚያን ደጋግመው አዩ። ኢያኤል ፓፓያና አናናስ ማለት ቻለች።

ገመዳ ጥር ላይ ወደ ድሬዳዋ ሄደ፤ እንደ ልማዱም ደጃፍ ላይ «እመለሳለሁ» አላት። መንገዱ ተዘጋና ቀረ። መንገዱ ሲከፈትም አልመጣም። በቀለች ስትደውል አንዳንዴ ያነሣል፣ አንዳንዴ አያነሣም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ራሱ ደወለ።

«በቀለች፣ እኔ እዚሁ ሥራ ይዣለሁ» አለ።

«ጥሩ ነው። መቼ ትመጣለህ?»

 ከኋላው የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው በእጁ አፈነው።

«እዚህ ሰው አለኝ» አለ።

በቀለች ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ኢያኤል ከፊቷ ቆማ የስልኩን ማያ እያየች ነው፤ የአባቷ ፎቶ ነበረበት።

«ልጅህን ምን ልበላት? አፍህን ሳይሆን እጅህን ነው ያመነችው።»

«አንቺ ታውቂበት የለ» አለ ገመዳ። «በእጅሽ ንገሪያት።»

በቀለች ሞከረች። «አባት፣ መመለስ፣ የለም» አለቻት። ኢያኤል ዛሬ አይመጣም ማለቷ መሰላት፤ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት፣ «አባት፣ ይመለሳል?» ስትል ጠየቀች። በሚቀጥለውም ጠዋት። «ከእንግዲህ» የሚል ምልክት በቀለች አታውቅም። «ሌላ ቤት አለው» የሚለውን አታውቅም። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» የሚለውንማ ከየት አምጥታ! ሳህሊቱም አታውቅም። ሁለቱ ሴቶች ማዶ ለማዶ ተቀምጠው፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ፣ ተያዩ።

«መሥሪያ ቤቶች የኢንተርኔት መስመር አላቸው ይባላል» አለች ሳህሊቱ። ሄዳ ለመነች፤ «ለሥራ ብቻ ነው» ብለው መለሷት።

ልጅቷ ቀስ በቀስ ያንን ምልክት ማመን ተወች። አባቷ ያላት ሐሰት ከሆነ፣ እናቷ የምትላትም ሐሰት ሊሆን ነው። በቀለች ስትወጣ ቀሚሷን ጨምድዳ ትይዛለች፤ እጇን ፈልቅቃ ትወጣለች። ድብደባው እንደገና ጀመረ።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ገበያው ሳይታሰብ ተበተነ። ተኩስ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ ያገኘበት ገባ። በቀለች ከሌሎች ጋር አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተዘጋባት። አስፋልቱን መሻገር አይቻልም፤ ቤቷ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ዙህራ ጋ ብትደውል መስመሩ ተጨናንቋል። የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ በር ሥር፣ ዱቄት ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ እንደዚህ ስትውል ምን እንደሚሰማት ያወቀችው ያን ቀን ነው። በሩን መምታት አማራት። አጠገቧ ያሉት፣ «ድምፅ አታሰሚ» አሏት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ተከፈተ። እየሮጠች ስትደርስ የቤቷ ቁልፍ በብረት ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ዙህራ መሬት ላይ ተቀምጣ ኢያኤልን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። የልጅቷ ጥፍሮች ተሰነጣጥቀው ደም ቋጥረዋል።

«ያንን የምታውቀውን ምልክት አሳየኋት፤ በጥፊ መታችኝ» አለች ዙህራ። «ከዚያ ዝም ብዬ ያዝኳት።»

ኢንተርኔቱ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። ሳህሊቱ ወሬውን እንደሰማች ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ገበያ ሄደች። የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለው ገጹን ከፈቱ። ባለ ቀዩ ሹራብ ወጣት አሁን ጢም አብቅሏል። በቀለች የሆነውን ሁሉ ጻፈች፤ ሰው ያየኛል ብላ አላፈረችም። ወጣቱ በማግስቱ ለእሷ ብቻ የተቀረጸ ቪዲዮ ላከላት። ከሥሩም፣ «አትሸፋፍኚላት። የማይሰማ ልጅ የሰውን ፊት ያነባል፤ ሐሰቱን ያውቀዋል» ብሎ ጻፈ።

በቀለች ምሳ ሰዓት ላይ ልጇን መደቡ ላይ አስቀምጣ ነገረቻት። አባት ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤት አለው። ከእንግዲህ እዚህ አይኖርም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እኔ አለሁ።

ኢያኤል እስከ መጨረሻው አየቻትና ዓይኗን ጨፈነች። የማይሰማ ልጅ ዓይኑን ከጨፈነ የሚነገረው ነገር የለም። በቀለች ትከሻዋን ነካች፤ ልጅቷ አጥብቃ ጨፈነች። ያን ቀን እንዲሁ ዋለች። በማግስቱም እናቷ እጇን ባነሣች ቁጥር ትጨፍናለች፤ ስትበላ ብቻ ትገልጣለች። በቀለች ገበያ አልሄደችም፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ጠበቀች። ማስገደጃ አልነበራትም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ መጥታ እናቷ ፊት ቆመች።

«የት ከተማ?»

በቀለች በጣቶቿ ፊደል በፊደል ድሬዳዋ ብላ ጻፈችላት።

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው። ይሞቃል።»

ኢያኤል አሰበች። «አባት ክፉ ነው?»

በቀለች «አዎ» ልትል እጇን አንሥታ መለሰችው። «አላውቅም» አለች። «እኔም ተናድጃለሁ።»

«እኔም» አለች ልጅቷ። የመናደድን ምልክት ያንጊዜ ነው የተማረችው፤ ወዲያው ደግማ ደጋግማ አለችው፤ መደቡን በእግሯ እየረገጠች። ከዚያ ስለ ሙቀቱ፣ እዚያ ድመት ይኖር እንደሆን፣ አባቷ ፓፓያ ይበላ እንደሆን ጠየቀች። ምሳው ቀዘቀዘ።

ክረምት ሲገባ ሳህሊቱ ለማይሰሙ ልጆች ክፍል ይከፈት ብላ አመለከተች፤ የሠለጠነ መምህር ሲገኝ ይታያል ተባለች። እሷ ራሷ ወደ ገለምሶ ትዛወራለች የሚል ወሬም አለ። በቀለች ትምህርት በሌለበት ጊዜ ልጇን ገበያ ይዛት መዋል ጀምራለች፤ ሥራ ሲበዛና መንገዱ በመኪና ሲተራመስ ግን አሁንም ቤት ትቆልፍባታለች። ኢያኤል አሁን በር አትደበድብም። ስትቆለፍ ግን እናቷን ቀጥ ብላ እያየች፣ «አልወድም» ትላታለች። በቀለችም፣ «አውቃለሁ» ትላትና ትወጣለች።