«ያንቺንም አጠጣሁልሽ»

ይህ የደረሰብኝ አምና ግንቦት ላይ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ያናድደኛል፤ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ሳወራው «ፈጥረሽ ነው» የሚሉኝ አሉ። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ።

የምኖረው ጭሮ ነው። ከአባቴ የወረስኳት ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ምርቃት፣ ሠርግ፣ የመጣውን ሁሉ በዲጂታል ካሜራ አነሳለሁ። ሱቁ ጥግ ላይ ግን የአባቴ ትልቁ ካሜራ ተቀምጧል። የእንጨት ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ሌንስ፣ መሃሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ቆዳ፣ ከኋላው መስታወት አለው። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ነው የሚያየው። ለእያንዳንዱ ፎቶ ደብተር የሚያክል የፎቶ ወረቀት በጠፍጣፋ የእንጨት መያዣ ተከቶ ከኋላው ይሰካል። አንድ ወረቀት አንድ ፎቶ ነው፤ ከተበላሸ ተበላሸ።

ይህን ካሜራ የሠሩት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አናጢ ናቸው። ሌንሱ ብቻ ነው ከውጭ የመጣው፤ እንጨቱን ከሀ እስከ ፐ የሠሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ ጓደኛቸው ስለነበር «የመጀመሪያዋን ፎቶ የማነሳው አንተን ነው» ብሎ ቃል ገባላቸው። ከዚያማ ሥራ በዛ። ጋሽ ታደሰ በሱቁ በር ባለፉ ቁጥር አባቴ «ነገ!» ይላቸዋል። እሳቸውም «እሺ፣ ነገ» ብለው ያልፋሉ። ልጅ ሆኜ ሰላምታቸው ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሳያነሳቸው ሞተ።

በኋላ ጋሽ ታደሰ ደረታቸውን አመማቸው። የጭሮ ብርድ አልስማማ ስላላቸው ደረቁ ቆላ፣ ቦርደዴ፣ ልጃቸው ሰብለ ዘንድ ወረዱ። አምና ሰብለ ደወለችልኝ።

«አባዬ በጣም ደክሟል። ያ ሣጥን አለ ወይ እያለ ይጠይቃል» አለችኝ።

እኔም አጉል ብልጥ ልሁን ብዬ፣ መጥቼ በስልኬ ጥሩ አድርጌ አነሳቸዋለሁ አልኳት። ጋሽ ታደሰ ስልኩን ተቀበሏት።

«በስልክማ የልጅ ልጆቼ አንስተው አንስተው ሰለቹኝ። እኔ የምፈልገው በሠራሁት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ድምፃቸው ቀጥኖ ቀጥኖ አላወቅኩትም። «በዚህ ሳምንት እመጣለሁ» አልኳቸው። «ነገ» የሚለውን ቃል አፌ አልደፈረውም።

ችግሩ ካሜራውን በምን ልውሰደው ነው። ሰው ካሜራ ሲባል በአንገት የሚንጠለጠል ይመስለዋል። ይሄ እኮ የቡታጋዝ ሲሊንደር ያህል ይከብዳል! ልኩ የሆነ ሻንጣ ደግሞ የትም የለም። ስለዚህ በጀርባ የሚታዘል ሻንጣ ራሴ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አጥንቱን ከተሰበረ የብረት ወንበር መደገፊያ ወሰድኩ። ማንገቻውን ጋራዥ ሄጄ ከወላለቀ መኪና የወንበር ቀበቶ ቆርጬ አመጣሁ። የድሮ ፍራሽ ስፖንጅ ቆራርጬ ከላይ ለካሜራው፣ ከታች ለወረቀት መያዣዎቹ ማስቀመጫ አበጀሁ። አቧራ እንዳይገባ ከጎንና ከሥር በወፍራም ላስቲክ ጠቀለልኩት። ለውጪው ልብስ ገበያ ውስጥ ከጫት መኪና የወረደ አረንጓዴ ሸራ አገኘሁ። ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት፤ የጫቱ ሽታ ግን ወይ ፍንክች።

ሸራውን የሰፉልኝ መናኸሪያው አጠገብ የሚሠሩት ጫማ ሰፊው ኦቦ አብዶ ናቸው። ከጨረሱ በኋላ ገልብጠው ሥሩን አዩት።

«ከታች ቀዳዳ ልተውለት፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ውሃ ቢገባ በየት ይወጣል?» አሉኝ።

«የምሄደው ቦርደዴ ነው እኮ፣ ኦቦ አብዶ! ውሃ ከየት ይመጣል?»

«እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉና ሻንጣውን መለሱልኝ። ምክር የማልሰማ ግትር መሆኔን እናቴም ስትናገር ኖራለች።

ከአባቴ የተረፈው የፎቶ ወረቀት አብዛኛው አርጅቶ ጠቁሯል። ደህና የነበረው እሽግ ውስጥ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። እነሱን በአራት መያዣ ከተትኩ። ሦስቱ ከሻንጣው ሥር በልካቸው ገቡ። አራተኛው አልገባ ስላለኝ እየተነጫነጭኩ ከሌንሱ ጋር በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩት።

ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ሻንጣውን አይቶ ገና ከሩቁ «ይሄ ወደ ላይ ነው!» አለ። እቃው የሚሰበር ነው ብዬ ለመንኩት፤ ጭኔ ላይም ላደርገው ሞከርኩ። በሩ አልዘጋ አለ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ። አማራጭ ስላልነበረኝ አብሬው ጣሪያው ላይ ወጥቼ ከካሜራው ባለሦስት እግር መቆሚያ ጋር ራሴ አሰርኩት። ዙሪያውን ሁሉ ወደ ቆላ የሚወርድ ጫት ነው። ባለቤቶቹ እንደ ወትሮው ሴቶች ናቸው። ሻንጣዬ የጫቱ እስሮች መሃል አረንጓዴ ሆኖ፣ ክብ ሆኖ፣ ጫት ጫት እየሸተተ ተቀመጠ። ይሄ ነገር ያኔ አልታየኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሃሊማ ትባላለች። ጫት ይዛ በየሁለት ቀኑ ቦርደዴ የምትወርድ ነጋዴ ናት። «ያንቺ የየት ነው?» አለችኝ። ሰፈሬን የጠየቀችኝ መስሎኝ «የጭሮ» አልኳት። «መልካም ነው» አለች። ጨዋታችን በዚሁ አለቀ።

ሚኤሶ ላይ ሾፌሩ ለሻይ አቆመ። ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። እኔ ሻይ ጠጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሃሊማ መሰላሉ ላይ ቆማ ጄሪካን ይዛለች። የራሷን እስሮች አጠጥታ ጨርሳለች። የመጨረሻውን ውሃ ደግሞ ሻንጣዬ ላይ ቸልል እያደረገች ነው።

ስታየኝ ፈገግ አለች። «ያንቺንም አጠጣሁልሽ! በዚህ ሙቀት እንዲህ ደርቆ እንዴት ዝም ትያለሽ? እስክትደርሺ ጠውልጎ ማን ይገዛሻል?»

የጮህኩትን ጩኸት ሚኤሶ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። «ካሜራ ነው! ካሜራ ነው!» እያልኩ መሰላሉን እየሮጥኩ ወጣሁ። ሃሊማ መጀመሪያ ያበድኩ መሰላት። ሻንጣውን አውርደን ስከፍተው ውሃው በሸራው ክዳን ገብቶ፣ ለአቧራ ብዬ ያለበስኩት ላስቲክ አንዲት ጠብታ ሳያስወጣ ይዞታል። ሥሩ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሆኗል። ሦስቱ መያዣዎች እዚያ ውስጥ ተዘፍቀዋል። አንዱን ሳነሳው በሁለቱም በኩል ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። የአፌን ሁሉ ለቀቅኩባት። እውር ነሽ ወይ ብያታለሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ወላሂ፣ ጫት መስሎኝ ነው!» አለች ሃሊማ። ፊቷ አመድ መስሏል። ኋላ ላይ እንደገባኝ ነጋዴዎቹ አንዷ ከሌለች ሌላዋ ታጠጣላታለች፤ ጠይቆ ማጠጣት የለም። አዝናልኝ ነው።

እኔ እንባዬን ስጠርግ እሷ ሥራ ጀምራለች። ጫት የምትቆርጥበትን ቢላ አውጥታ የሻንጣውን ሥር ሰንጥቃ ውሃውን አፈሰሰችው። ኦቦ አብዶ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ደረቅ ሻሿን ከራሷ ፈታ ካሜራውን እንደ ሕፃን አደራረቀችው። እንጨቱ ደህና ነው፤ ቆዳው ጥቂት ረጥቧል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ጫቷ ፀሐይ ላይ ነው፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ምንም አልተረፈም?» አለችኝ።

ያኔ ነው የእጅ ቦርሳዬ ትዝ ያለኝ። አራተኛው መያዣ ደረቅ ነው። «አንድ» አልኳት።

«አንድ ሰው አይደል የምታነሺው? አብሽሪ» አለች።

ቦርደዴ ስንደርስ ጫቷን ለጓደኛዋ አደራ ሰጥታ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያውን በትከሻዋ አድርጋ ተከተለችኝ። ጋሽ ታደሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በረንዳ ላይ ይጠብቁኛል። ሰብለ ከማለዳ ጀምሮ እንዲህ እንደተቀመጡ ነገረችኝ። ካሜራውን ሳወጣው በእጃቸው ማዕዘኑን ዳሰሱት።

«ይቺን ማጠፊያ አስተካክላታለሁ ስል ቀረች» አሉ። ከዚያ «አጠገቤ አቁሚውና አንሺኝ» አሉኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ካሜራው እኮ ራሱን አያነሳም።»

ካሜራውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ ይቺን አላሰብኳትም!» አሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ቅር አለው። ዓይናቸው በረንዳው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ በቆመው ሻንጣ ላይ አረፈ። ማንገቻውን ሳብ ሳብ አደረጉ፣ አጥንቱን ዳሰሱ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ወንበር ነው አይደል?»

«አዎ።»

«የእጅ ሥራ ነው። እንግዲያው እሱ አብሮኝ ይነሳ» አሉና ወደ ጎናቸው አስጠጉት።

አንድ ወረቀት ብቻ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ስምንት እስክቆጥር እንዳይነቃነቁ፣ እንዳያስሉ ለመንኳቸው። ነፋሱ ጥቁሩን ጨርቅ እንዳይገልበው ሃሊማ ከኋላዬ ያዘችልኝ። «ቢስሚላህ» ስትል ሰማኋት። የሌንሱን ክዳን ከፈትኩ። እስከ ስምንት ስቆጥር ጋሽ ታደሰ አልተነፈሱም። ከዘጋሁ በኋላ ነው ሳሉ የመጣባቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሳሉ።

ጭሮ ተመልሼ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን አጠብኩት። ቀስ እያለ መጀመሪያ ሸሚዛቸው፣ ከዚያ ፊታቸው ወጣ። ጥርት ብሏል። ሻንጣውም ከሥሩ ካረጠበው ወለል ጋር ጎናቸው ቆሟል። ብቻዬን እልል አልኩ። ፎቶውን ያደረሰችላቸው ሃሊማ ናት። «ያቺ ‹ነገ› መጣች በያት» ብለው በእሷ ላኩብኝ።

ጋሽ ታደሰ ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። ለቅሶ ስሄድ ያ ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ሃሊማም ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ከሩቅ የመጡ አንድ አዛውንት ፎቶውን ትክ ብለው ካዩ በኋላ ጎረቤታቸውን ጠየቁ።

«ታደሰ በስተርጅና ጫት ይነግድ ጀምሮ ነበር እንዴ? ይሄ እስር ምንድነው?»

ሃሊማ አላስችላት አለ። «ጫት አይደለም፣ አባቴ! የካሜራ ሻንጣ ነው። ጫት ነው ብዬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ መጀመሪያ የሳቀችው ሰብለ ናት። እያለቀሰች ሳቀች፤ እኛም ተከተልናት።

ሻንጣው ዛሬም አለኝ። ኦቦ አብዶ የሥሩን ቀዳዳ ጠርዙን በቆዳ ሰፉልኝ። ሃሊማ መናኸሪያ ስታገኘኝ «ላጠጣልሽ?» ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። ማታ ብቻዬን ሳስበው ግን ይዘገንነኛል። ያቺ አራተኛ ወረቀት ከሥር ገብታልኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም እንደ አባቴ «ነገ» ብያቸው ልመለስ ነበር።