አይቆሜና አሥር ሜትር ሽቦ

ወሬው ካፌያችን የደረሰው ካዘዝነው ማኪያቶ በፊት ነው። አይቆሜን ሚስቱ በሽቦ አሰረችው ተባለ። ግድቡ ዳር፣ አንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር፣ የሽቦውን አንድ ጫፍ ከተጎታች ቤታቸው፣ ሌላውን ከወገቡ ጋር አገናኝታ፣ እንዳያመልጣት ስታዞረው ሰነበተች። እሷ ወንበር ላይ ተደላድላ «ወደ ግራ» ስትለው ወደ ግራ፣ «ቁም» ስትለው ቀጥ። አይቻለሁ ያለው የግድቡ ጥበቃ ነው አሉ። ወሬው ጥግ ካለው ጠረጴዛ ሲደርስ ሽቦው ሰንሰለት ሆነ። ከካፌው ስንወጣ ደግሞ ሰውየው ሣር መጋጥ ጀምሮ ነበር።

እኔ አላመንኩም። አንደኛ ነገር፣ አይቆሜን የሚይዝ ሽቦ ገና አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ሚስቱ አዋላጅ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ እትብት ስትቆርጥ የኖረች ሴት፣ ጡረታ ወጥታ ሰው መቋጠር ትጀምራለች? ስለዚህ ሽቦውን ወደሸጠላቸው ባትሪ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ፤ ከዚያም አዋላጇን ራሷን።

አይቆሜ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰባት ቁጥርን አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱን አስረከበ እንጂ መንገዱን አላስረከበም። ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት ሲሄድ በየበሩ ቆም ይላል፤ ተሳፋሪ እስኪወርድ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ መስመሩ ታትሞ ቀርቷል። ቴሌቪዥን የሚያየው ቆሞ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የአይቆሜን ጭንቅላት ግማሹን ወንበር ላይ፣ ግማሹን በረንዳ ላይ ነው የምላጨው ብሎ ይምላል።

አምና አንድ አሮጌ ተጎታች ቤት ገዛ። ሁለት አልጋ፣ አንድ የጋዝ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ ያላት ናት፤ በፒካፑ እየጎተተ አገር ላገር ሊዞርባት። ያለ ሚስቱ ግን አይሄድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማታ ማታ ብቻ ነው ያያት፣ አሁን ቀንም ሊያያት አምሮታል። አዋላጇ ደግሞ ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗ ከስምንት ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም፤ እሱ ሊሄድ የሚመኝበት ቦታ ሁሉ መብራት የሚባል ነገር የለም።

«እንሞክረው» አለችው። «ሦስት ቀን አንድ ቦታ እንቆማለን። ሞተር አይነሳም። መድኃኒቴ እንደቀዘቀዘ ከቆየ ያሰኘህ ቦታ ድረስ እከተልሃለሁ። ከሞቀ ግን የዚያኑ ሰዓት ወደ ቤት፤ ተጎታቿም ትሸጣለች።»

ባትሪ ቤት አብረው ሄዱ። የባትሪ ቤቱ ሰውዬ ከሁሉ በፊት የጠየቃቸው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ ነበር። አይቆሜ የተሰደበ መሰለው። እሱ ከቤት ሳይወጣ ነው የወሰነው፤ ባትሪው ከፒካፑ ዲናሞ ይሞላል፣ ነገሩ አለቀ።

«ሲሄድ ይሞላል። ሲቆምስ?» አለች አዋላጇ።

«ለምን ይቆማል?»

የባትሪ ቤቱ ሰውዬ እስካሁን ይህን ሲያወራ በሳቅ እንባው ይመጣል።

ጄኔሬተር የሚለውን ሐሳብ አዋላጇ ገና ሳይጀመር ገደለችው። የሥራ ዘመኗን ጩኸት ውስጥ ጨርሳለች፣ ጡረታዋን ከሚያጓራ ሞተር ጎን አታሳልፍም። ከዚያ ወደ ባትሪዎቹ ዞሩ። የአሲዱ ባትሪ ሁሌ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሠራ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ የአንዱን ያህል ለመጠቀም ሁለት መግዛት ግድ ነው፣ ሁለቱን ለማንሳት ደግሞ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው መጥራት። ስለዚህ ሊቲየም የሚባለውን መረጡ፤ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ያለውንም እስከ ታች ድረስ ሳይሰስት ይሰጣል። ሙሉ ከሆነ ፍሪጇን ያለ ፀሐይ ሁለት ቀን ይይዛታል። ለሦስተኛው ቀን ሶላር ያስፈልጋል፤ እሱም ጣሪያው ላይ በአራት ብሎን ይታሰራል ተባለ። አይቆሜ የታሰረ ነገር ሲያይ ትከሻውን ይበላዋል፤ ቢሆንም ተስማማ። ከሶላሩ የተረፈው አሥር ሜትር ሽቦ ሊቆረጥ ሲል ብቻ የሰውየውን እጅ ያዘው።

«ተወው። መላወሻ ይኑረው።»

ግድቡ ዳር የደረሱት ጠዋት ነው። እንግዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ «ሾፌር፣ በፀሐይ ፈጀኸን» ሲለው የኖረ ሰው ተጎታች ቤቱን የት ያቆማል? መሪው ራሱ ዞረለት። በዙሪያው ካሉት ዛፎች ትልቁን፣ ቅጠሉ ሰማይ የማያሳየውን መርጦ ሥሩ ልክክ አደረጋት። ከፒካፑ ሲወርድ ደረቱ ተነፍቶ ነበር፤ ሚስቱም እንዲህ ያለ ጥላ አይቼ አላውቅም ብላ መረቀችው። ጣሪያ ላይ ያለው ሶላርም ከእነሱ እኩል ጥላው ሥር ለሽ ብሎ ተኛ። ማንም ልብ አላለውም።

የመጀመሪያው ቀን ለአይቆሜ አንድ ዓመት ሆነበት። ጎማ መታ። ብሎን አጠበቀ። ጎማዎቹን እንደገና መታ። የግድቡን ጥበቃ አሥራ አንድ ጊዜ ሰላም ብሎት፣ በአሥራ ሁለተኛው ጥበቃው እሱ ሲመጣ አይቶ ዛፍ ጀርባ ተደበቀ። አዋላጇ ግን ወንበሯን ዘርግታ፣ እግሯን ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ምንም አልሠራችም። ምንም አለመሥራት ከሥራም ከባድ ሥራ መሆኑን እሷን እያየ ተረዳ።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የባትሪውን መቁጠሪያ አየ፤ አርባ በመቶ። እንደ ነዳጅ መቁጠሪያ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። አልነቃነቅ አለ። ያኔ ቀና ብሎ ዛፉን አየና ጉዱ ገባው። በዚህ አያያዝ ነገ ጠዋት ፍሪጇ ቀጥ ትላለች። ቴርሞሜትሩ ገና አምስት ላይ ነው፤ አዋላጇ ምጥ የያዛትን ሴት እንደምትከታተል በየሰዓቱ ታየዋለች።

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጥቂት ቢነዳ ዲናሞው ያወጣዋል። ሄዶ ፒካፑ ውስጥ ገባ፣ እጁን መሪው ላይ ጣለ። አዋላጇ ከወንበሯ ሳትነሳ አየችው።

«አስነሳው፣ ይሞላልሃል» አለችው በእርጋታ። «እኔም ቤቴ እገባለሁ።»

ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ። ተጎታቿን ገፍቶ ወደ ፀሐይ ቢያወጣት ደግሞ ምድጃ ትሆናለች፣ ፍሪጇም ለመቀዝቀዝ እጥፍ ትበላለች። ዛፉን አየ። ጣሪያውን አየ። ተጠቅልሎ የተቀመጠውን አሥር ሜትር ሽቦ አየ። ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ጣሪያው ላይ ወጣ።

አራቱን ብሎን ሲፈታ የትከሻው ማሳከክ አብሮ ለቀቀው። ሶላሩን አውርዶ፣ ሽቦውን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ አወጣውና እስካሁን አንዴ እንኳ ያልተቀመጠበት የራሱ ወንበር ላይ አስደገፈው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የዛፉ ጥላ እየተሳበ መጣ። አይቆሜ ሶላሩን ከነወንበሩ አንስቶ ፈቀቅ አለ። ጥላው ተከተለው፤ ፈቀቅ አለ። ሲመሽ መቁጠሪያው ሰባ ላይ ደርሶ፣ እሱም ሰባት ፌርማታ ከፍቶ ነበር፦ ከአንድ ጉቶ እስከ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ። በሦስተኛው ቀን ከማለዳ ጀምሮ መስመሩን በሰዓቱ ሠራ። አዋላጇ ከወንበሯ ሆና የጥላውን ጫፍ ስታይ «ወደ ግራ» ትለዋለች፤ ሲበቃ «ቁም»። ጥበቃው ከሩቅ ያየው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ቀን ሲያልቅ ባትሪው ዘጠና አምስት፣ ቴርሞሜትሩ አራት። አይቆሜ ዕቃ ሊሸክፍ ሲነሳ አዋላጇ ንቅንቅ አላለችም።

«አንድ ቀን እንጨምር» አለች።

ትናንት ካፌ መጥቶ ነገ ለሁለት ሳምንት እንደሚሄዱ ነገረን። ፊቱ ግማሹ በፀሐይ ከስሏል፣ መዳፉ ላይ የሽቦ ሰንበር አለ፣ እያወራን ጠረጴዛችንን ሁለት ጊዜ ወደ ፀሐይ አስጠግቶብናል። ወሬውን ከነሰንሰለቱ፣ ከነሣሩ አጫወትነው። አንድ እግሩን ወደ በሩ አዙሮ እስከ መጨረሻው አዳመጠን።

«ውሸት ነው» አለ። «ማንም አላሰረኝም። የዞርኩት ነገር የለም። ግራ ቀኝ ያለኝም የለም። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።»