ላልተወለደ አጎት ተዝካር

መንገድ ሊያልፍበት ነው በተባለ ቀበሌ ሁሉ ከዶዘሩ ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነን፣ የካሳ ገማች ኮሚቴ። እኔ የሰብልና የዛፍ ገማች ነበርሁ። ሥራውን ማንም አያከብረውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላከብረውም። ገበሬው ትናንት ያቆማትን ጎጆ እያሳየ “ተወልጄ ያደግሁባት ናት” ብሎ ይምላል። እኛ እንዳላመንነው እያወቀ ይምላል፣ እኛም እንደዋሸ እያወቅን ምሳውን እንበላለን። እንዲህ ተናንቀን ሳይሆን ተከባብረን ነው የምንሰራረቀው።

ሰብሳቢያችን ጫማው ጭቃ እንዳይነካ ከማሳ ዳር ቆሞ በጣቱ የሚቆጥር ሰው ነበር። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለነቀፋ ይተርተዋል፤ እሱ ግን እንደ ምክር ይዞት ነበር። ስብሰባ ላይ “ልማት” ሲል ድምፁ ይወፍራል፤ በግ ጉቦ ሆኖ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ይቀጥናል።

ከሮብ ገበያ ወረድ ባለች አንዲት ደብር መንገዱ የቤተ ክርስቲያኑን የታች ጎን ይነካል ተባለ። እዚያ ደግሞ መቃብር አለ። ስለዚህ አጽሞቹ ተነሥተው ከላይ በኩል በተለየ አዲስ ቦታ እንዲያርፉ፣ እንደ ድሮ አቀማመጣቸውም ጎን ለጎን እንዲሆኑ ተወሰነ። ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ ካሳ ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ ሟችም አንድ ቦታ ይሰጣል።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሰብሳቢው መጡ። ባላቸው ከዚያ መቃብር ውስጥ ናቸው። በቁርባን የኖሩ ስለሆኑ፣ ባላቸው የተቀበሩ ዕለት የራሳቸውንም ቦታ ከጎናቸው በድንጋይ አስከልለው ነበር። በዚያ ደብር የቆረበ ባልና ሚስት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

“ልጄ” አሉት፣ “ባሌን ስታነሡት የእኔን ቦታ ከጎኑ እንዳትረሱብኝ።”

“እማማ፣ ቦታ የሚሰጠው ለሞተ ነው።”

“እኔስ አልሞትም እንዴ?”

“ሲሞቱ ያመልክቱ።”

በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከኮሚቴው ሁለቱ አብረውት ሳቁ፤ የእነሱ ሥራ መሳቅ ነበር። አሮጊቷ ለንግሥ ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄዱበት ቀን ስለነበረ መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ።

መቃብሩ የተቆጠረው እሳቸው በሌሉበት ነው። ያን ዕለት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ነጫጭ ጋቢ ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ትልቁ ደምበጫ እህል ይነግዳል፣ ትንሹ እዚያው ያርሳል። የአባታቸውን ሙት ዓመት አንድ ቀን አስበው የማያውቁ ሰዎች፣ ካሳ ሲባል ሐዘኑ ያን ዕለት እንደ አዲስ ተነሣባቸው። መጀመሪያ የአባታቸውን መቃብር አሳዩ። ቀጥሎ ትልቁ ልጅ እናቱ ያስከለሉትን ባዶ ቦታ አየና፣ “ይኼ ደግሞ የአጎታችን ነው” አለ። ትንሹ ወንድሙን ቀና ብሎ አየው፣ ወዲያው ገባውና “ነፍሱን ይማር” አለ። ሰብሳቢው ቆጠረ።

አጽም በሚነሣበት ቀን ካህናቱም፣ ቆፋሪዎቹም፣ እኔም ነበርን። ባልየው በክብር ወጡ፣ በነጭ ተጠቅልለው ሳጥን ገቡ። ቀጥሎ ከጎናቸው ድንጋዩ ተነሣና ተቆፈረ። አፈሩ ድንግል ነው፤ አካፋ ነክቶት አያውቅም። ከንግሥ የተመለሱት አሮጊት ከፊት ቆመው፣ “ምነው ልጆቼ፣ የእኔን ቦታ ምን ፍለጋ ነው የምትቆፍሩት?” አሉ። ማንም አልሰማቸውም፣ ማለትም ሁሉም ሰማቸው።

ሰብሳቢው ወንድማማቾቹን ወደ አጥሩ ጠጋ አድርጎ፣ “ቁጥሩ ወደ በላይ አካል ሄዷል። አሁን አንድ መቃብር ጎደለ አልልም። አንድ ነገር አድርጉ” አላቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

“ሰው ተቀብሮበት የማያውቅ መሬት እኮ ነው” አልሁት።

“አንተ ዛፍህን ቁጠር።”

ያደረጉትን ያየሁት በዓይኔ ነው። ለአጎት ተብሎ የመጣው ባዶ ሳጥን ሲሸከሙት እንዳይቀል የእናታቸውን የድንበር ድንጋይ እየለቀሙ ሞሉበት፣ ክዳኑን በሚስማር መቱበት። ቄሱ ፍትሐት ሊያደርሱ ሲሉ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። ትልቁ ልጅ ሰማይ ሰማይ አየና አንድ ስም ፈጠረለት። ካህናቱም ድንጋዩን ፈቱት። አዲሱ ቦታ ላይ ከአባታቸው ጎን ቀበሩት፣ በዚያኛው በኩል ሌላ ሟች ስለነበረ የአሮጊቷ ቦታ በዚሁ አለቀ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሌባ አውቃለሁ፤ የእናቱን መቃብር የሰረቀ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ተጸየፍኋቸው። እነሱ ደግሞ እጃቸውን ታጥበው ንፍሮ ይበሉ ነበር።

አሮጊቷ አላለቀሱም። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ።

“አባቶቼ” አሉ፣ “ባሌ ወንድም እንዳለው ለእኔ ሳይነግረኝ ሞተ። ልጆቼ ግን አጎታቸውን አግኝተዋል፣ እናንተም ፈትታችሁታል። እንግዲህ ክርስቲያን ነውና ያለ ተዝካር አይቀርም። ልጆቼ ይደግሱለታል። ደብሩ በሙሉ ተጠርቷል።”

ካህናቱ ሟቹ መቼ እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ተስማሙ። ድግስ የሚባል ነገር ካለ የእኛ ካህናት ጥያቄ አያበዙም።

ልጆቹ በገዛ ውሸታቸው ተያዙ። በእኛ አገር ሰው ቢዋሽ ይረሳለታል፣ ቢሰርቅም ይታረቃል፤ የሥጋ ዘመዱን ተዝካር የነፈገ ግን ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ስም ይወጣለታል። እናታቸው ዘንድ ሄደው “እማዬ፣ በጸሎት ብቻ ይለፍ” ብለው ለመኑ።

“የአባታችሁን ተዝካር እኔ በሬዬን ሸጬ አውጥቻለሁ። አጎታችሁን እናንተ አውጡት። ሰንጋው የሰባ ይሁን፤ ሰውየው በሕይወቱ ምንም ቀምሶ አያውቅም።”

ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ ሰው መጥራት ሆነ የአሮጊቷ ሥራ። ገበያ ላይ ይጠራሉ፣ ማኅበር ላይ ይጠራሉ፣ እኔንም ዛፍ ስቆጥር አግኝተው ጠሩኝ። ሰብሳቢውንም ጠሩት፤ ያ ሰው ደግሞ “እመጣለሁ” አለ!

ወንድማማቾቹ ሰንጋውን ማን ይግዛ በሚል ተጣሉ። ትንሹ “አጎት ያመጣኸው አንተ ነህ” ይላል፣ ትልቁ “ነፍሱን ይማር ያልኸው አንተ ነህ” ይላል። በዱላ ሊፈላለጡ ሲደርሱ ሽማግሌ ገባና ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። እናትየው ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ወደ እሳቸው አየት አድርገው፣ ታላቅ ታላቅ ነውና ሰንጋውን ትልቁ ይግዛ ብለው ፈረዱ።

ይኼኔ ትልቁ ልጅ ተነሥቶ ጮኸ። “ለማን ነው የምገዛው? ድንጋይ ለሞላ ሳጥን ነው ሰንጋ የማርደው? አጎት የለንም!”

ለካሳ ብሎ አጎት የወለደ ሰው፣ ለሰንጋ ሲል ገደለው። እግዚአብሔርን አልፈራም፣ እናቱን አላፈረም፤ ወጪ ሲመጣ ግን እውነት ተናገረ። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ንስሐ ይኸንኑ ነው።

አሮጊቷ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። “እኔም ድንጋዬን ብቻ ነው የምፈልገው” አሉ።

ሰብሳቢው ወሬውን ቢሰማም ቁጥሩ አልተነካም። ወዲያው አድጎ ወደ ከተማ ተዛወረ። መንገዱም እስካሁን አልመጣም፣ በቀይ ቀለም የተነከሩት ችካሎች ላይ ላም ይታሰርባቸዋል።

ሳጥኑ ግን በሽምግልናው ማግስት ወጣ። ልጆቹ ራሳቸው ቆፈሩ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው አዩ። ክዳኑ ሲነሣ አሮጊቷ ተንበርክከው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጡና፣ በባላቸው ጎን እንደ ድሮው ደረደሯቸው። ማንንም አግዙኝ አላሉም። ሲጨርሱ መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ትልቁ ልጅ ባዶውን ሳጥን አንሥቶ ወደ ገደሉ ሊወረውር ሲል ግን አስቆሙት።

“ተው፣ ቤት አስገባው” አሉት። “ለእኔ ብለህ ሌላ አትገዛም።”