ፊቷን ወደ ምዕራብ

ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ፣ ሱሪ የምታሳጥርና ዚፕ የምትቀይር ኣብርሀት የምትባል ሴት አለች። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ለረጅም ዓመታት ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዋ እንግዳዋ ሎሚ ነበረች። ሎሚ የሰሚት ሰው ናት፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ አባቷ ጤፍ ያርሱበት ከነበረው መሬት በተረፋት ግቢ ሦስት ላሞች ታልባለች። ወተቱን በታክሲ አምጥታ ለካፌዎቹ ታድልና የኣብርሀትን ጠርሙስ ስፌት ማሽኑ አጠገብ ታስቀምጣለች።

«ውሃ ጨምረሽበታል አይደል?»

«ጨምሬበታለሁ። ትንሽ ትቀጥኚ ብዬ።»

አንድ ቀን ሎሚ የልጇን የፌናንን ፀጉር እየሠራች፣ «የዚህችን የመጀመሪያ ሴት ልጅ ክርስትና የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ ማዪልኝ!» አለቻት። ኣብርሀት ማለች። ፌናን ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

ፌናን አድጋ ወጣት ስትሆን ጦርነቱ መጣና ወደ ትግራይ የሚደወል ስልክ ሁሉ ዝም አለ። የኣብርሀት እናት አዲግራት ነበሩ። ኣብርሀት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ እያበራች፣ «ለኣደየ ዕድሜ ስጥልኝ» እያለች ለእናቷ ትለምን ነበር። ጧፉን የምትገዛላት ሎሚ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ኣብርሀት የሐሞት ጠጠር አሟት ሆስፒታል ገባች፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሱቁን የምትጠብቀው ሎሚ ነበረች። አንድ ከዚያ አገር እንደ ምንም የወጣ ሰው ሱቁን አጠያይቆ መጣና የኣብርሀትን እናት ማረፍ ለሎሚ ነገራት። ለታመመ ሰው ደግሞ መርዶ አይነገርም። ሎሚ ዋጠችው። ቁስሏ ይሻር አለች፤ ሻረ። በዓሉ ይለፍ አለች፤ አለፈ። እየዋለ ሲያድር ቃሉ አፏ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። አራት ወር።

ስልኩ ሲከፈት ኣብርሀት ራሷ ደወለች። ያነሳችው የአክስቷ ልጅ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት።

«ለምኑ?» አለች ኣብርሀት።

ከወዲያ ማዶ፣ «ያ ከዚህ የወጣው ሰው ሱቅሽ ላገኛት ሴት ነግሬያታለሁ ብሎን ነበር እኮ» የሚል ድምፅ መጣ።

በማግስቱ ሎሚ ጠርሙሷን ይዛ ስትገባ ኣብርሀት ከማሽኑ ቀና አላለችም።

«አራት ወር ሙሉ ለሞተች እናት ዕድሜ ስለምን ጧፉን የምትገዢልኝ አንቺ ነበርሽ። አርባዋ ሲወጣ እኔ እዚህ የሙሽራ ቀሚስ እያጠበብኩ እስቅ ነበር። አንቺም አጠገቤ ነበርሽ።»

«ትሞችብኛለሽ ብዬ ነው።»

«በጨለማ አኖርሽኝ። ውጪልኝ።»

እነሆ ሦስት ዓመት። ሎሚ ወተቱን ማምጣት አልተወችም፤ በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ኣብርሀት አንስታ ለሆቴሉ ዘበኛ ትሰጣለች። «እትዬ፣ እንዳትታረቁ አደራ» ይላል ዘበኛው፤ «ሰውነቴ ተመልሷል።» ኣብርሀት አትስቅም። ከዚያ ወዲህ ጧፍም አብርታ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ደጁን ትስማለች፣ ትመለሳለች። ጸሎቷ እንደዚያ ዘመን ስልክ ሆነባት፤ ትደውላለች፣ የሚያነሳ የለም።

ዘንድሮ ፌናን ጨቅላዋን ታቅፋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ምለዋል።»

«ልጅ ሆነሽ ነው እኮ የማልኩት።»

«እማዬን ይጥሏት። ይህቺ ግን ምን አደረገችዎት?»

ሕፃኗ አዛጋች። «አነሳታለሁ» አለች ኣብርሀት።

የንስሐ አባቷ ግን አስጠነቀቋት። «ቂም ይዞ ክርስትና ማንሳት አይሆንም፤ የሰው ነፍስ ነው የምትቀበይው።»

«ቂም የለኝም አባ። ማየት ብቻ ነው የማልፈልገው።»

ቄሱ፣ «እንግዲያው ክርስትናው ላይ ስትቆሚ ታውቂዋለሽ» አሉ።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ሰሚት ካለው ቤተ ክርስቲያን በማለዳ ተሰበሰቡ፤ የሚያጠምቁት እኒያው አባ ነበሩ። ሕፃኗን አሳቀፏትና፣ «መጀመሪያ ፊትሽን ወደ ምዕራብ» አሏት። «ፀሐይ የምትጠልቅበት፣ የጨለማው ወገን ነው። በእሷ ፈንታ ሰይጣንን ትክጃለሽ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብርሃኑ ዞረሽ ታምኛለሽ።»

ኣብርሀት ዞረች።

የክርስትና ቤቱ በር በምዕራብ በኩል ነው። በሩ ላይ ሎሚ ቆማለች። ዓይን ውስጥ ላለመግባት መቃኑ ላይ ተለጥፋ፣ የሕፃኗን ነጭ ልብስ በሁለት እጇ ይዛለች።

«በይ፣ ‹እክድሃለሁ ሰይጣን› በይ።»

ኣብርሀት አፏን ከፈተች። ሎሚ ሸብታለች። መቼ ሸበተች? ነጠላዋ ጫፍ ላይ ወተት ደርቋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨለማ ባለች ቁጥር በዓይኗ የሚመጣው ይህ ፊት ነበር። አሁን ደግሞ ሰይጣንን ካጂ በተባለችበት አቅጣጫ ይኸው ፊት ቆሞ ይጠብቃታል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ ስድብ እንደሚጠብቅ ሰው ዝቅ ብለዋል።

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ሰይጣን ራሱ ሰልችቶት ሊሄድ ነው።»

ከወዲያ በኩል ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«አባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ኣብርሀት። «ቦታው ላይ ሰው አለ።»

ሕፃኗን በአንድ ክንዷ እንደታቀፈች ሄዳ የሎሚን እጅጌ ያዘች።

«ነይ ከዚያ።»

«ወዴት?»

«ወደዚህ። ከኋላዬ ቁሚ።»

እየጎተተች አምጥታ በምሥራቅ በኩል አቆመቻት። ተመልሳ ስትዞር በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ክፍቱ በርና የግቢው አጥር ብቻ።

«እክድሃለሁ!» አለች። ሕፃኗ ደንግጣ እስክትጮኽ ድረስ ጮክ ብላ ነበር። ወደ ምሥራቅ ስትዞር ደግሞ እምባዋን መጥረጊያ እጅ ስላልነበራት ሎሚ ጠረገችላት።

ሥርዓቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። የሕፃኗ አንገት ላይ አዲሱ ማተብ ገና ከነመዓዛው ነው።

«ያ ሰውዬ» አለች ኣብርሀት፣ «ምን አለሽ?» ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቃው የማታውቀው ነገር ነበር።

ሎሚ እጆቿን አየች። «በቀን ነው ያረፉት። ደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር አለኝ። ሻይ አምጡልኝ፣ ስኳር አብዙበት አሉ። ሻዩ ሲመጣ አልፈዋል። ሌላ ምንም አላለኝም። እሱኑ ነው ብቻዬን ይዤው የከረምኩት።»

«አራት ማንኪያ» አለች ኣብርሀት። «ጥርስሽን ይጨርሰዋል ብላት፣ ጥርስ የታለኝና ትለኝ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁም ሳያስቡት ለቅሶ ሆነ። ያለፋቸውን ለቅሶ እዚያው ዛፉ ሥር አለቀሱት።

«በይ አሁን ተነሺ» አለች ኣብርሀት ነጠላዋን እያስተካከለች። «ጧፍ ግዢልኝ። ዛሬ ለነፍሷ ነው።»