ልጄ ናት ያልኩበት ቀን

ዛሬ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሲወጡ ወጪ መጋራት የሚሉት ዕዳ አለባቸው አሉ። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ፈተናውን ያለፈውን መንግሥት ያበላዋል፣ ያስተኛዋል፣ ያስተምረዋል። ችግሩ ከድሬዳዋ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ መድረሱ ነበር። ለዚያ የሚረዳው ጎረቤት ነው። እኔም ጎረቤት ነበርኩ። ጥሩ ጎረቤት ነበርኩ አልልም።

መጋላ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራው ሰው ባለጋሪ ነው። የሱና የኔ ሴት ልጆች እኩል ነው የተማሩት፣ አንድ ዴስክ ላይ። የኔዋ መጽሐፍ ተገዝቶላት፣ አስጠኚ ተቀጥሮላት ወደቀች። የሱዋ በኔ ልጅ መጽሐፍ አጥንታ አለፈች። እኔ የባቡር ሠራተኛ፣ ደሞዝተኛ፤ እሱ ከፈረስ ኋላ የሚውል ሰው። ወሬውን የሰማሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም። ሚስቴ ወባ መስሏት ነበር።

የነሱ አፎሻ፣ እድር በሉት፣ አዋጥቶ ብርድ ልብስና ሻንጣ ገዛላት። የቀረው የባቡር ትኬት ነው። ለኛ ለሠራተኞች ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ለቤተሰብ ነጻ ትኬት ይሰጠናል፣ የልጁ ስም ተጽፎበት። ይሄን አውቆ መጣ።

«አቦ፣ የልጅህ ትኬት ዘንድሮ ቁጭ ብሏል አሉ» አለኝ።

«ቁጭ ይበላ! አንተን ምን አገባህ?»

«የኔዋ በልጅህ ስም ትሂድበት።»

«ፈረሱን ሽጥ።»

«ፈረሱን ሸጬ ጋሪውን አንተ ልትጎትትልኝ ነው? ወላሂ፣ ጉልበትህን አይቼዋለሁ፣ አሥር ሜትር አትሄድም።»

ሚስቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከሥራ ያስባርረኛል ብዬ ሸኘሁት። እውነት ነው፣ ያስባርራል። የከለከልኩት ግን ለዚያ ብዬ አይደለም። እንድትቀር ፈልጌ ነው። እንድትቀርና ሁለቱም እኩል ደጃፍ ላይ እንዲቀመጡ።

የኔዋ ልጅ ከውስጥ ሰምታለች። ወጣችና «አባባ፣ እኔ ካልገባሁ ስሜ እንኳ ይግባ እንጂ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አይስቅም። ትኬቱን ከሳጥን አውጥቼ ለሷ ሰጠኋት። ለባለጋሪው በእጄ መስጠት አቃተኝ።

የባለጋሪው ልጅ በምትሄድበት ቀን ግን ጣቢያ አብሬ መቆም ነበረብኝ። ትኬት ተቆጣጣሪው እኔን ያውቀኛል፣ ልጄን አያውቃትም።

«ልጅህ ናት?»

«ልጄ ናት።»

«ወዴት ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ ገብታ።»

ሰውዬው ብድግ አለ። «ኑ እስቲ! የዚህ ግትር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች!» ብሎ ጣቢያውን ሰበሰበው። እጄን ጨበጡኝ፣ ትከሻዬን መቱኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ባለጋሪው ሻንጣውን ተሸክሞ ከኋላችን ቆሟል።

«አንተ ባለጋሪ፣ ዕቃውን አስገባና ቶሎ ውረድ!» አለው ተቆጣጣሪው።

«እሺ ጌታዬ።»

ሰው እያየ ነውና ልጅቱ እኔን ጉንጬን ሳመችኝ። አባቷን በእጇ ብቻ ጨበጠችው፣ ለዕቃ አውራጅ ሳንቲም እንደሚያቀብል ሰው። እሱ እጇን ቶሎ አልለቀቀም። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ባቡሩ ሲነቃነቅ ግን በመስኮት ብቅ ብላ ሻሿን ያውለበለበችው ከአጥሩ ውጭ፣ ፈረሱ አጠገብ ወደቆመው ሰው ነው። ወደኔ አላየችም።

ስወጣ ባለጋሪው ፊቱን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ ይጠብቀኛል።

«ጋሪው ላይ ውጣ እንሂድ፣ የዩኒቨርሲቲዋ አባት» አለኝ። ቂም የለበትም። ይሄ ባሰብኝ። በልጁ መቅናቴ ሳያንስ በሆዱ ስፋትም ቀናሁበት።

«አልወጣም» አልኩት። ያን ሁሉ የደረቀ ወንዝ አሸዋ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተሻገርኩ። እሱም ባዶ ጋሪውን በኔ እርምጃ ልክ እየነዳ፣ «ውጣ አቦ» እያለኝ፣ እኔም «አልወጣም» እያልኩት መጋላ ደረስን።