ከሦስት መቶ ሜትር ላይ ያየሁት ሰው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቴ ሁለት ጊዜ «የቀረ አለ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ «የለም አባቴ» አልኋቸው። አለ። እናንተ ስሙኝ።

ያኔ ድሮን ሲባል ሰው አይደነግጥም ነበር። እኔ በሽንፋ በኩል፣ ካንድ የጎንደር ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ፣ በትንሿ ድሮኔ ማሳ በፎቶ አነሳ ነበር። ያለኝን ሁሉ አፍስሼ የገዛኋት ናት። ፈቃዴ ላይ ከመቶ ሃያ ሜትር በላይ ማውጣት ክልክል መሆኑ ተጽፏል። ፈርሜበታለሁ። ግን በዚያ ከፍታ ድምጿ ይሰማል፤ ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች፣ እዝዝ ስትል ሲሰሙ ያረፈውም ብድግ ይላል። ባለሀብቱ «የሚሠራውንና የሚተኛውን ለይተህ አምጣልኝ፤ ከፍ አድርጋት» አለኝ። ከፍ አደረግኋት። የከፍታ ገደቧን ያነሳሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። በሽንፋ ሰማይ ምን አውሮፕላን ያልፋል ብዬ ስቄም ነበር።

ሦስት መቶ ሜትር ላይ ስትሆን ከታች ምንም አይሰማም። ሰው መታየቱን ሳያውቅ ሲታይ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ይታከካል፣ ያማትባል፣ ብቻውን ያወራል። ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌሎቹ ወደ ቀጣዩ ማሳ አልፈው፣ ከሰሊጥ ክምር ሥር አንድ ሰው በጎኑ ተኝቶ አየሁ። «ገና በጠዋቱ! ምን ያለው ሰነፍ ነው!» አልሁና ፎቶ አነሳሁት። ስድስት ሰዓት ላይ መልሼ ሳወጣት እዚያው ነው። የክምሩ ጥላ ዞሮ ጥሎት ሄዷል። በቆላ ፀሐይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ጥላ አጠገቡ እያለ ሐሩር ላይ የሚተኛ ሰው የለም። በካሜራው አቀረብሁት። አንድ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሳ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ። ድምጿ የማይሰማውን ድሮን እንዴት አወቃት? ምናልባት ፈጣሪውን እየጠራ ይሆናል። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሮጬ ለካቦው፣ ለሠራተኞቹ አለቃ፣ «ሰው ወድቋል» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። «ከየት ሆነህ አየኸው? ከስንት ሜትር?» ቢለኝስ? ፖሊሶች ድሮኗን ይወርሱብኛል፣ እኔንም ሸሕዲ ከተማ ወስደው ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። ለአንዲት ማሽን ብዬ ዝም አልሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና አየሁት። እጁ ወርዷል። ያኔም ዝም አልሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ፤ የእኔ ልብ ግን አይቷል። አይቶ ነው ዝም ያለው።

ማምሻውን ሳሉጎቹ ሲቆጠሩ አንድ ጎደለ። ፈልገው ሲያገኙት ሞቷል፤ እግሩን እባብ ነድፎታል። ከጎጃም የመጣ ልጅ ነው አሉ። አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ታላቅ ወንድሙ መጣ። መቃብሩን የሚያሳየው ሰው ጠፍቶ እኔ ወሰድሁት። አልቅሶ አልቅሶ ሲያበቃ «ወንድም ዓለም፣ ብዙ ተሰቃየ እንዴ? ብቻውን ብዙ ቆየ?» አለኝ።

«ኧረ የለም፤ ወዲያው ነው ያረፈ» አልሁት።

«እግዜር ይስጥህ። እናቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ ይቀላታል» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ወይ ነዶ! መሬት አልዋጠችኝም። ዝም ብዬ ተሳምሁ።

በጠዋት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ያነሳኋቸው ሦስቱ ፎቶዎች ዛሬም ስልኬ ውስጥ አሉ። ላጠፋቸው እጄ እምቢ ይላል። ሜዳ ላይ ጋደም ስል ከላዬ ዝም ያለ ነገር የቆመ ይመስለኛል፤ ቀና ብዬ ማየትም እፈራለሁ።

ባለሀብቱ አዞኝ ነው አልልም። የገደለው እባቡ ነው አልልም። እናንተንም ማሩኝ አልልም፤ ሊምረኝ የሚችል ያ ወንድሙ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያውቀው ውሸቴን ነው። አንተ ጎጃሜ፣ ይህ ከደረሰህ ስማኝ፦ ወንድምህ ወዲያው አላረፈም። ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን ነበር። እጁን አንስቶ ነበር፣ እኔ እያየሁት።